ግድግዳ ያጣ ብሩሽ፦ ሥነ ሥዕል በጉደርና በአካባቢዋ

የምዕራብ ሸዋ ምድር በቃል ጥበብ የታወቀ ነው። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ ቦዳ በተባለ ሥፍራ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከዚህ ምድር ተነሥቶ የሀገሪቱን መድረክ በቅኔው ሞልቶታል። አምቦ ተወልዶ ያደገውና በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተገደለው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳም የወገኑን ብሶትና ተስፋ በዜማ ለመላ ሀገሪቱ አሰምቷል። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ባለቅኔና ድምፃዊ ያፈራው አካባቢ በሥዕልስ ምን ተናገረ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ቶሎ አይመጣም። ይህ ዝምታ የተሰጥዖ እጦት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባውም። ምክንያቱ ከጥበቡ ቁሳዊ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ዘፈን ከአፍ ወደ አፍ ተላልፎ ገበያ ውሎ ይገባል፤ ግጥም በቃል ተይዞ ዘመን ይሻገራል። ሥዕል ግን ቀለም ይሻል፤ ብርሃን ይሻል፤ ከሁሉም በላይ የሚያርፍበት ግድግዳና ቆም ብሎ የሚያየው ሰው ይሻል። ግድግዳ ያጣ ብሩሽ ደግሞ ወይ ይደርቃል፣ ወይ ይሰደዳል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጉደርና አጎራባቾቿ አምቦ፣ ጊንጪና ጌዶ የእጅ ሥራ ባዳ አይደሉም። የገጠሩ ሴት ከስንደዶና ከአክርማ የምትሰፋው መሶብና ሰፌድ፣ የወተት ዕቃው፣ ያገባች የኦሮሞ ሴት ክብሯንና መብቷን የምትገልጽበት ሲንቄ፣ ለበዓልና ለጉግስ የሚሸለመው ፈረስ፣ ይህ ሁሉ የቅርጽና የቀለም ዕውቀት ነው። ዕውቀቱም ዳኛ አለው። ገዢዋ እንስራውን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጣለች፤ የመሶቡን ስፌት ገልብጣ ትመረምራለች፤ ያልወደደችውን ትታ ትሄዳለች። ከዚህ የበለጠ ሂስ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው። ችግሩ ኅብረተሰቡ ሥራውን እየወደደ ሠሪውን ሲንቅ መኖሩ ነው። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ለብዙ ትውልድ ከማዕድና ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። እጁን የሚንቅ ኅብረተሰብ ዐይኑንም ማድከሙ አይቀርም። የገጠር ሠዓሊን ስለ መደገፍ የሚደረግ ውይይት ሁሉ ከዚህ ንቀት ታሪክ ካልጀመረ ሥር አይኖረውም።

ሥዕልን በትእዛዝ ማሠራትም ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አዲስ ዓለም በ1890ዎቹ ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ አዲስ ዋና ከተማ እንድትሆን የታሰበች ነበረች። ሐሳቡ ሲቀር ለቤተ መንግሥት የታነጸው ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ። በእንዲህ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ሠዓሊው የሚያድረው በትእዛዝ ነበር። ሸማ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ቀለም ይበጠበጣል፤ ሥራው እስኪያልቅ ሠዓሊው ይቀለባል። ያሠራው ሰውም በሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ሲማጸን ይሣላል። በዚህ ሥርዓት ሠዓሊው ግድግዳ ነበረው፤ ቀለብ ነበረው፤ በየበዓሉ ተሰብስቦ የሚያየው ሕዝብም ነበረው። የጎደለው አንድ ነገር የርእስ ነጻነት ነበር። የዛሬው የገጠር ሠዓሊ ግን የርእስ ነጻነቱን ይዞ የቀሩትን ሦስቱን አጥቷል።

የከተሞቹ ዋና ሠዓሊ ሆኖ የኖረው የማስታወቂያ ጸሐፊው ነው። በሥጋ ቤት በር ላይ በሬ፣ በጠጉር ቤት ላይ መቀስና የተከረከመ ራስ፣ በቡና ቤት ላይ ጀበና የሣለው እርሱ ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ ድግግሞሽ የሞላበት መሆኑ አይካድም። አንዱ ጀበና የሌላው ግልባጭ ነው፤ ፏፏቴውም ከእውነተኛው ውኃ ይልቅ ከቀን መቁጠሪያ የተቀዳ ይመስላል። ነገር ግን ሂሱ በሠዓሊው ላይ ብቻ ቢያርፍ ፍርደ ገምድል ይሆናል። የሚከፈለው ለሠሌዳው ስፋት እንጂ ለማየት ላጠፋው ጊዜ አይደለምና፣ የጉደርን ወንዝ ዳር ሄዶ ብርሃኑን የሚያጠናበት ምክንያት የለውም። ዛሬ ደግሞ ይህችም እንጀራ እየጠበበች ነው። ባነር የሚባለው በኮምፒዩተር የሚታተም ፕላስቲክ ፈጥኖ ስለሚደርስ የብሩሹን ቦታ ወስዷል። ከማስታወቂያ ጸሐፊው ጋር የሚጠፋው አንድ ሙያ ብቻ አይደለም። ብሩሽ አያያዝ፣ ፊደል አጣጣል፣ ቀለም ውሕደት ለወጣቱ በነጻ ይታይበት የነበረው የመንገድ ዳር ትምህርት ቤትም አብሮ ይዘጋል።

መደበኛው ትምህርት ቤት በበኩሉ ሩቅ ነው። በሺካጎ ተምሮ የተመለሰው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በመሥራቹ ስም የሚጠራው፣ የሀገሪቱን ዘመናዊ ሠዓልያን አብዛኞቹን ያስተማረ ተቋም ነው። ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ከየገጠሩ ወደዚያ የሚደረገው ጉዞ ብዙውን ጊዜ መመለሻ የለውም። ጋለሪው በዋና ከተማው ነው፤ ገዢው በዋና ከተማው ነው፤ ከውጭ የሚገባው የዘይት ቀለምና ሸራም የሚገኘው በዋና ከተማው ነው። ስለዚህ አካባቢው ተሰጥዖውን ያዋጣል፣ ፍሬውን ግን አያይም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በየገጠሩ የተለመደው ድጋፍ ምን ዐይነት ነው? በበዓል ሰሞን አዳራሽ ይከፈታል፤ ሥዕሎች በገመድና በወንበር መደገፊያ ላይ ይደረደራሉ፤ ንግግር ይደረጋል፤ የምስክር ወረቀት ይታደላል። በማግሥቱ ሥዕሎቹ ተጠቅልለው ወደ መጡበት ቤት ይመለሳሉ። እንዲህ ያለው ዐውደ ርእይ ከነጭራሹ ከንቱ ነው ባይባልም፣ ሠዓሊውን እንደ በዓል ጌጥ እንጂ እንደ ሠራተኛ አይቆጥረውም። የምስክር ወረቀት ቀለም አይገዛም። ሥራው ለምን እንደተወደደ ወይም ለምን እንዳልተወደደ የሚነግረው ሰው ካላገኘ ደግሞ ሠዓሊው በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሥዕል ይዞ ይመጣል።

በአንጻሩ ትእዛዝ ብቻውን ጥበብ እንደማይወልድ የቅርቡ ታሪክ ያስተምራል። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የደርግ ዘመን ሠዓሊው ሥራ አልጎደለበትም፤ ፖስተሩ፣ ሰንደቁ፣ የአደባባዩ ሥዕል ሁሉ እጅ ይሻ ነበር። ይሁንና ርእሱም አሣሣሉም አስቀድሞ የተወሰነ ነበር። ከትእዛዞቹ ሁሉ ትልቁ፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ በአዲስ አበባ የተመረቀው የትግላችን ሐውልት፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ተሳትፎ የቆመ ነው። ሥርዓቱ ሲወድቅ ትእዛዙም አብሮ ወደቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አሠሪው መንግሥት ግድግዳውን ይስጥ፣ ዋጋውን ይክፈል፣ ሥዕሉን ግን አይሣል።

በራሱ አካባቢ ተተክሎ ፍሬ ያፈራ ሠዓሊ ምሳሌ ሲፈለግ የለማ ጉያ ስም ይነሣል። በ2013 ዓ.ም. ያረፈው ይህ ሠዓሊ በቢሾፍቱ ከተማ መኖሪያውን ቤተ ሥዕል አደረገ፤ ወጣቶችን አስተማረ፤ ወንድሞቹና ልጆቹ ሳይቀሩ ሠዓልያን ሆኑ። ብዙ ሥራዎቹን የሣለው በፍየል ቆዳ ላይ ነው። የቆዳው የራሱ ቡናማነት ለገጠሬው ፊት ሙቀት ሲሰጠው ይታያል። ያ ኅብረተሰቡ የናቀው የፋቂ ሥራ በለማ እጅ የሥዕል መሠረት ሆነ። ዘሪሁን የትምጌታም የቀርከሃ ስንጥቆችን ጎን ለጎን ደርድሮ የሠራቸው ሥዕሎች የሸማኔውንና የጠልሰም ጸሐፊውን ዓለም አንድ ያደርጋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናል ተሸልሞባቸዋል። ሁለቱም የሚያስረዱት የገጠር ቁስ ለዘመናዊ ጥበብ የማያንስ መሆኑን ነው። አደጋው ቁሱ ሐሳቡን ተክቶ ሲገኝ ነው። ቆዳ ላይ ስለተሣለ ብቻ ለቱሪስት የሚሸጥ ሥዕል ከፕላስቲኩ ባነር የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው።

የሌሎች ሕዝቦች ተሞክሮም ይህንኑ ያጠናክራል። ግብፃዊው አርክቴክት ረምሲስ ዊሳ ዋሴፍ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በጊዛ አጠገብ በምትገኘው የሐራኒያ መንደር የገበሬ ልጆችን ሰብስቦ ሽመና አስተማረ። ንድፍ አስቀድሞ አልሰጣቸውም፤ የውጭ ሥዕልም አላስቀዳቸውም። ልጆቹ የሚያውቁትን ዛፍ፣ ውኃና ከብት በቀጥታ በሸማ መሥሪያው ላይ ሸመኑ፤ ሥራቸውም በአውሮፓ ዐውደ ርእዮች ተደነቀ። ፈረንሳይ ደግሞ በ1951 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤት ሕንፃ ከሚወጣው ገንዘብ ከመቶ አንዱ ለሥነ ጥበብ ሥራ እንዲውል ደንግጋለች። በኢትዮጵያም አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል ሊሠራ የቻለው ሕንፃው ሲታነጽ ሥፍራ ስለተተወለት ነው። ለአህጉር አዳራሽ የተቻለው ለወረዳ ትምህርት ቤት የማይቻልበት ምክንያት የለም። 10 ሚሊዮን ብር ለሚፈጅ ትምህርት ቤት ከመቶ አንዱ 100,000 ብር ነው፤ ለአንድ ሠዓሊ ይህ የወራት ሥራና የአንድ ግድግዳ ሕይወት ነው።

ጉደር የቶኬ ኩታዬ ወረዳ መቀመጫ እንደመሆኗ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይሠራባታል። በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ ውድድር ቢታወጅ፣ ንድፎቹ በገበያ ቀን ለሕዝብ ቢታዩ፣ ከሠዓልያን፣ ከመምህራንና ከአገር ሽማግሌዎች የተውጣጣ ሸንጎ ምክንያቱን በአደባባይ ተናግሮ ቢመርጥ፣ የሠዓሊውም ስምና ዓመተ ምሕረቱ በሥዕሉ ላይ ቢጻፍ፣ ትእዛዝና ሂስ በአንድ ላይ ይገኛሉ። ያ እንስራ የምታንኳኳው ገዢ ለግድግዳውም ዳኛ ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባትን በአንደኛ ደረጃ አካትቷል። መምህሩ የመንደሩን ሸክላ ሠሪ በክብር ወደ ክፍል ካልጋበዘ፣ ልጆቹም ጭቃና ቀለም ካልነኩ፣ ትምህርቱ የመጽሐፍ ርእስ ሆኖ ይቀራል።

የዚህ አካባቢ ስም በየቤቱ ማዕድ ላይ ይቀርባል፤ አምቦ ማዕድን ውኃ ነው፣ ጉደርም ቀይ ወይን ጠጅ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ያላት ወንጪም ከአምቦ ሩቅ አይደለችም። ስሙ በጠርሙስ ተጓዘ፤ መልኩ ግን በገዛ ልጆቹ እጅ ገና አልተሣለም። እንግዳው የሚያየው ሥዕል ከሌላ ቦታ የታተመ ከሆነ አካባቢው በገዛ ቤቱ በሰው ዐይን ይታያል ማለት ነው። ስለዚህ የባህል ሠራተኛው በሚቀጥለው በጀት ዓመት ሊጠየቅ የሚገባው ስንት የምስክር ወረቀት እንዳደለ ሳይሆን ስንት ግድግዳ እንደከፈተ ነው።