በፊርማ የታሰረ አንደበት
ሂሳዊ ዳሰሳ፦ «ዘ ኢንሳይደር»፣ ዳይሬክተር ማይክል ማን

«ዘ ኢንሳይደር» እ.ኤ.አ. በ1999 ለዕይታ የበቃ፣ የሁለት ሰዓት ከ37 ደቂቃ ፊልም ነው። ስለ ትምባሆ ኩባንያዎች ውሸትና ስለ ቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት የተሠራ ፊልም ተብሎ ብዙ ተወርቶለታል። ለእኔ ዋጋው ሌላ ቦታ ነው። መሥሪያ ቤት ጥፋት አይቶ ዝም አልል ያለውን ሠራተኛ እንዴት እንደሚበቀለው እንዲህ በቅርበት ያሳየኝ ሌላ ፊልም የለም።

ታሪኩ በእውነት የሆነ ነው። ዶክተር ጄፍሪ ዋይጋንድ በኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ፣ የብራውን ኤንድ ዊልያምሰን ሲጋራ ኩባንያ የምርምርና ልማት ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። በ1993 ተባረረ። እሱ እንደሚለው ምክንያቱ ኩማሪን የተባለው ማጣፈጫ ለጤና አደገኛ ስለሆነ ከፒፓ ትምባሆ ይውጣ ብሎ መሟገቱ ነው። በዓመቱ፣ በሚያዝያ 1994፣ የሰባት ትላልቅ የትምባሆ ኩባንያዎች ኃላፊዎች በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ በመሐላ ተናገሩ። ዋይጋንድ ከውስጥ የሚያውቀው ከዚህ ተቃራኒውን ነበር። ራስል ክሮው እሱን፣ አል ፓቺኖ ደግሞ ሊያናግረው የሚጥረውን፣ የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጣቢያ የ«60 ሚኒትስ» ፕሮግራም አዘጋጅ ሎዌል በርግማንን ሆነው ይጫወታሉ።

ፊልሙን ለመመዘን አንድ ትዕይንት ይበቃኛል። ዋይጋንድ ከተባረረ በኋላ የኩባንያው አለቃ ያስጠሩታል። ማይክል ጋምቦን የሚጫወታቸው እኚህ ሰው አይቆጡም፣ ጠረጴዛም አይደበድቡም። ቀድሞ የፈረመው የምስጢር መጠበቂያ ውል አልበቃ ብሏቸው፣ የበለጠ የሚያስር ሌላ ውል እንዲፈርም በትሕትና ይጠይቁታል። እምቢ ካለ ምን እንደሚከተል ይነገረዋል፦ የስንብት ክፍያው ይቆማል፣ የቤተሰቡ የሕክምና ሽፋን ይቀራል፣ ክስ ይመሠረትበታል። ተመልካቹ ከዚያ በፊት የዋይጋንድ ልጅ በአስም ትንፋሽ ሲያጥራት፣ አባት አጠገቧ ሆኖ ቀስ ብላ እንድትተነፍስ ሲያባብላት አይቷል። ስለዚህ «የሕክምና ሽፋን» የሚለው ቃል ሲነሳ ማን ላይ እንዳነጣጠረ ማንም አይነግረንም፤ እናውቀዋለን። ክሮው በዚህ ቦታ ላይ የሚያሳየው ትወና፣ ንዴቱን አፍኖ ከንፈሩ ብቻ ሲንቀጠቀጥ፣ ከፊልሙ ሁሉ የላቀ ነው።

በሥራ ቦታ የሚፈጸም በቀል በአብዛኛው መልኩ ይኸው ነው። ሕግ ክፍል ያረቀቀው፣ የሰው ኃይል አስተዳደር የሚያውቀው፣ ፋይል ውስጥ የሚገባ ወረቀት ነው። ሠራተኛው ሲፈርም በፈቃዱ እንደፈረመ ይቆጠራል። ዳይሬክተሩ ይህን አውቆ ነው የቀረጸው፤ የሚያናድደኝም አውቆ ሳለ ባወቀው አለመጽናቱ ነው። ዋይጋንድ በምሽት ጎልፍ ሲመታ ከሩቅ የሚያፈጥበት ባለ ሙሉ ልብስ ሰው ይመጣል፤ ቆየት ብሎ በፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ጥይት ይገኛል። ጥይቱን ማን እንዳስቀመጠው አልተረጋገጠም። ቢረጋገጥም ኖሮ ለታሪኩ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ተመልካቹ ከጥላ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ ሲጠብቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በማኅተም የሚሠራውን ግፍ ይረሳዋል።

ወደ ወረቀቱ ሲመለስ ፊልሙ እንደገና ይበረታል። ኩባንያው የዋይጋንድን ያለፈ ሕይወት አስበርብሮ 500 ገጽ የሚያህል የስም ማጥፊያ ሰነድ ያዘጋጃል፤ ትዳሩ ሳይቀር ተበጥሮ ለጋዜጦች ይበተናል። ይህም የሆነ ነገር ነው። ዎል ስትሪት ጆርናል በየካቲት 1996 ሰነዱን መርምሮ አብዛኛው ክስ በቂ ማስረጃ እንደሌለው ጽፏል። ይሁንና ስሙ በከተማው ከጎደፈ በኋላ ነው። በዓመት 300 ሺህ ዶላር ይከፈለው የነበረው ሰው በዚያው ሉዊቪል በ30 ሺህ ዶላር ገደማ ኬሚስትሪና ጃፓንኛ የሚያስተምር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ነበር።

ከዚህ በኋላ ግን ፊልሙ ሰውየውን ይተወዋል። ሲቢኤስ ክስ ፈርቶ ዋይጋንድ ለ«60 ሚኒትስ» የሰጠውን ቃለ ምልልስ ሲያስቀር፣ ጭንቀቱ ሁሉ ወደ በርግማን ይዞራል። በርግማን የራሱን ድርጅት ገበና ለኒውዮርክ ታይምስ ሲያቀብል እሱም በተራው ጠቋሚ ይሆናል። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ዳይሬክተሩ ግን ሁለቱን አያነጻጽራቸውም። አንዱ ቢወጣ የሚቀበለው ሌላ የዜና ተቋም አለ። ሌላው ሚስቱ ትታው በሆቴል ክፍል ብቻውን ተቀምጧል። የሚስቱንም ነገር ማንሳት አለብኝ። ፊልሙ ችግር ሲመጣ የማትጸና ሴት አድርጎ ያቀርባታል። ሳትማከር ቤቷም የልጇ መድን ሽፋንም በአንድ ጊዜ አደጋ ላይ የወደቀባት ሴት መሆኗን የሚያይላት የለም። ከላቦራቶሪው ባልደረቦቹ መካከልም አንድ እንኳ የሚናገር ሰው አልተሰጠንም። የሚፈሩትን ሠራተኞች ሳያሳየን ስለ ፍርሃት የሚተርክ ፊልም ጎዶሎ ነው።

ዛሬ ቢሆን ሕጉ ያድነው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች አይጠፋም። በ2002 የወጣው የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ የአክሲዮን ገበያ ላይ ባሉ ኩባንያዎች የሚሠሩ ጠቋሚዎችን ከበቀል ይጠብቃል፤ ትኩረቱ ግን በባለ አክሲዮኖች ላይ የሚፈጸም ማጭበርበር እንጂ የአጫሾች ሳንባ አይደለም። በ2016 የወጣው የንግድ ምስጢር ሕግ ሠራተኛው የጠረጠረውን የሕግ ጥሰት ለመጠቆም ምስጢሩን ለመንግሥት ባለሥልጣን ወይም ለጠበቃ በሚስጥር ቢሰጥ አይጠየቅም ይላል። ለጋዜጠኛ ቢሰጥስ? ጋዜጠኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ዋይጋንድን ደግሞ አገር የሰማው በጋዜጠኛ በኩል ነው።

ቃለ ምልልሱ በየካቲት 1996 በሙሉ ሲተላለፍ ፊልሙ ወደ መዝጊያው ይሄዳል፤ በርግማንም ኮቱን ለብሶ ከሲቢኤስ በር በዝግታ ይወጣል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። ኩባንያው በዋይጋንድ ላይ የመሠረተው ክስ ግን ያኔም አልተነሳም ነበር። የተነሳው በ1997፣ የግዛት ዐቃቤ ሕጎች ከትምባሆ ኩባንያዎች ጋር የብዙ ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ሲደራደሩ፣ ክሱ ይቅር የሚል ቅድመ ሁኔታ ስላስገቡለት ነው።