ለባለ ሁለት መስመሯ ስክሪን

ጀማሪዎች በቴርሞሜትርና በሰዓት ሥራቸው ላይ የሚገጥሟትን፣ በሁለት መስመር 32 ምልክቶች የምታሳየውን ትንሽ ስክሪን ከልቤ አደንቃታለሁ። ብልሽቷን አትደብቅም። ላይኛው መስመር ላይ ጥቋቁር ሳጥኖች ብቻ ከተደረደሩ ኤሌክትሪክ ደርሷታል፣ ትእዛዝ ግን አልደረሳትም፤ ሽቦዎቹንና ፕሮግራሙን መፈተሽ ነው። የጀርባ መብራቷ በርቶ ጽሑፍ ካልታየ፣ ብዙ ጊዜ የድምቀት ማስተካከያዋን ቀስ አድርጎ ማዞር ይበቃል። ጥፋትን በግምት ሳይሆን በምልክት መፈለግን ታስተምራለች።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ለፊደላችን በተረፈው ቦታ ነው። ሂታቺ የተባለው ኩባንያ የነደፈው መቆጣጠሪያዋ የግዕዝ ፊደል የለውም። ሆኖም ሠሪው ራሱ የሚስላቸውን 8 ምልክቶች ይቀበላል፤ እያንዳንዳቸው 5 ነጥብ ወርድና 8 ነጥብ ቁመት አላቸው። ብርዳማዋን ደባርቅንና ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ያለችውን ሞቃታማ ዛሪማን የሚያነጻጽር ቴርሞሜትር ለሚሠራ ተማሪ ቦታው ይበቃል፦ «ደባርቅ» 4፣ «ዛሪማ» 3፤ አንድ ቦታም ይተርፋል። የ«ማ» ሁለት ዓይኖች በ5 ነጥብ ወርድ ልክ ይገባሉ፤ ሦስቱ ነጥብ ይጠቁራል፣ ሁለቱ ክፍት ይቀራል። «ሪ» እና «ር» እንዳይምታቱ ደግሞ እያንዳንዷ ነጥብ ታስፈልጋለች።

ዝግጁ ፊደል በሚጭን ውድ ስክሪን ብቻ የሚጀምር ሰው ይህን ዕድል ያጣል። ይህች ርካሽ ዕቃ ግን የገዛ ፊደሉን ነጥብ በነጥብ እንዲመረምር፣ የአገሩንም ስም በእጁ እንዲሠራ ታደርገዋለች። ምስጋና ይገባታል።