«ፍሎረሰንስ» በአማርኛ፤ የአንድ የቀዶ ሕክምና ቃል ምርመራ

የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ምድር ሲፈረም፥ 17ኛው አንቀጽ በሁለቱ ቋንቋዎች ሁለት የተለያዩ ግሦች ይዞ ወጣ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግሥ «ኮንሴንቴ» ግን በዚያ በኩል ብቻ ለመላላክ ተስማምተዋል ወደሚል ግዴታ ተተረጐመ። የዚህ ልዩነት መዘዝ በ1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ መድረሱ የታወቀ ነው። ለሙያዊ ቃላት አጥኚ ትምህርቱ አንድ ነው፤ ሁለት ወገኖች አንድ ሰነድ ፈርመው ሁለት ነገር ሊገባቸው ይችላል።

ተራው ሰው ዛሬ ከባድ ሰነድ ከሚፈርምባቸው ቦታዎች አንዱ ሆስፒታል ነው። ከውጫሌ ተነሥቶ በደሴ በኩል፥ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ለቀዶ ሕክምና የሚሄድ በሽተኛ፥ ሰውነቱ ከመከፈቱ በፊት ፈቃዱን ይጠየቃል። የፈቃዱ ዋጋ በቅጹ ቃላት ግልጽነት ልክ ነው። ይህ ጽሑፍ ከነዚህ ቃላት አንዱን፥ ማለትም ካንሰርን በብርሃን ለይቶ ለማየት ለሚረዳው «ፍሎረሰንስ» ሊሰጡ የሚችሉትን የአማርኛ አቻዎች ይመረምራል።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ። አንዳንድ ንጥረ ነገሮች አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ውጠው፥ የሞገድ ርዝመቱ የረዘመ፥ ቀለሙም የተለየ ብርሃን መልሰው ይሰጣሉ። የሚቀበሉት ብርሃን ሲቋረጥ የሚሰጡትም ወዲያው ይቋረጣል። ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ በ1852 እ.ኤ.አ. ስሙን ያወጣለት ይህ ጠባይ ከታየበት «ፍሎርስፓር» ከተባለው ማዕድን ነው። ጆርጅ ሙር «ፍሎረሲን» የተባለውን ቀለም የአንጎል ዕጢን ለመለየት መጠቀሙን በ1948 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዛሬ የአንጎል ዕጢ የሚወጣለት በሽተኛ ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሰዓታት በፊት አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ የተባለውን መድኃኒት ይጠጣል። መድኃኒቱ በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ ወደ ፕሮቶፖርፊሪን ይለወጥና በሰማያዊ ብርሃን ሲመታ ቀይ ሆኖ ይታያል። በ2006 እ.ኤ.አ. ቫልተር ሽቱመርና ባልደረቦቹ በጀርመን አገር ባወጡት ጥናት፥ በምስል የሚታየው ዕጢ ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው በሽተኞች በዚህ ዘዴ 65 ከመቶ፥ በተለመደው ነጭ ብርሃን ግን 36 ከመቶ ነበሩ። ዘዴው ግን ወሰን አለው። የተቈጣ ጤነኛ አካል ሊቀላ፥ ካንሰር ሆኖም ሳይቀላ የሚቀር ሊኖር ይችላል። የመጨረሻው ፍርድ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው የፓቶሎጂ ባለሙያ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። ቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው «ጨረር» ነው። ነገር ግን «የጨረር ሕክምና» በአገራችን ካንሰርን በጨረር ለመግደል ለሚሰጠው ሕክምና የጸና ስም ሆኗል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ለረጅም ዓመታት ለዚህ ሕክምና ብቸኛው ማዕከል ስለ ነበር፥ ቃሉ ከነፍርሃቱ በሕዝብ ዘንድ ታውቋል። እዚህ የሚያገለግለው ግን ዐይን የሚያየው ወይም ለዚያ የቀረበ ብርሃን ነው፤ ሥራውም ማሳየት እንጂ መግደል አይደለም። «በጨረር እናያለን» የተባለ በሽተኛ የማይሰጠውን ሕክምና ፈርቶ እንቢ ሊል፥ ወይም ሕክምናው በዚያው ያለቀ መስሎት ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው «ነጸብራቅ» ነው። መስተዋት የተቀበለውን ብርሃን ያንኑ መልሶ ይሰጣል፤ ፍሎረሰንስ ግን ሰማያዊ ተቀብሎ ቀይ ይሰጣል። የሐኪሙ ማጣሪያ መስተዋት ሰማያዊውን ከልክሎ ቀዩን የሚያሳልፈው በዚህ ልዩነት ነው። «ነጸብራቅ» የሚለው ቃል ዘዴው የቆመበትን ዋና ነገር ይሰውራል።

ሦስተኛው «አብሪ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ «አብሪ ትል»ንና «አብሪ ጥይት»ን ያውቃል፤ ሁለቱም ከውጭ ብርሃን ሳይሹ በራሳቸው ይበራሉ። «አብሪ ዕጢ» ቢባል ካንሰሩ በራሱ የሚበራ ያስመስላል፤ ያልበራውም ካንሰር አይደለም ወደሚል አደገኛ መደምደሚያ ይመራል።

አራተኛው ቃሉን እንዳለ መውሰድ ነው። የውጭ ቃል ሁሉ ይጠላ አይባልም። «ነቀርሳ» ለካንሰርም «የሳንባ ነቀርሳ» ተብሎ ለቲቢም ስለሚነገር፥ ሁለቱን በሽታዎች ለመለየት «ካንሰር» የሚለው ቃል መግባቱ ጠቅሟል። «ፍሎረሰንስ»ም ቢሆን መደገፊያ አለው፤ «ፍሎረሰንት» የሚባለውን ረጅም የመብራት ዘንግ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚሠራውም በዚሁ ጠባይ ነው፤ በውስጡ የሚፈጠረውን የማይታይ ብርሃን የመስተዋቱ ልባስ ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ሆኖም ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ በራሱ ምንም አይነግረውም፤ በጥርስ ሳሙናና በስምጥ ሸለቆ የመጠጥ ውኃ ምክንያት ከታወቀው «ፍሎራይድ» ጋርም ይምታታል። ግሥም አይወጣለትም፤ ሐኪሙ «ዕጢው ፍሎረሰንስ አደረገ» ለማለት ይገደዳል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚመርጠው «ፍካት»ን ነው። «ፈካ» አበባ ሲከፈት፥ ፊት ሲበራ፥ ቀለም ሲደምቅ የሚነገር ሕያው ግሥ ነው። አበባ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚፈካ፥ ይህም ንጥረ ነገር ብርሃን ሲመታው ይፈካል። ቤተሰቡም ሰፊ ነው፤ ንጥረ ነገሩ «ፈኪ ቀለም»፥ የሚመታው ብርሃን «አፍኪ ብርሃን»፥ የሚታየው «የፍካት ምስል» ይባላል። ተቃውሞም ሊቀርብ ይችላል፤ «ፈካ ያለ ቀለም» በተለመደው አነጋገር ደማቅ ያልሆነ፥ ወደ ነጭ የቀረበ ማለት ነው። ስለዚህ «ፍካት» ብቻውን አይበቃም። «ውኃ ወለድ በሽታ» የሚለው በሕዝብ ዘንድ እንደ ተለመደ ሁሉ፥ «ብርሃን ወለድ ፍካት» ቢባል ምክንያቱ በስሙ ውስጥ ይገባል፤ አብሪ ትልንም ከወዲሁ ያገልላል። በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ፍሎረሰንስ» ተከትሎት ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ «ፍካት» ብቻውን ሊሄድ ይችላል። እንደ ኢንዶሳያኒን ግሪን ያሉ ቀለሞች የሚሰጡት ብርሃን በካሜራ እንጂ በዐይን ስለማይታይ፥ የመዝገበ ቃላቱ ፍቺ «በዐይን ወይም በካሜራ የሚታይ» ማለት ይገባዋል።

ይሁንና ስም ብቻውን አያድንም። ትልቁ ጥንቃቄ በግሡ ላይ ነው። «ፍካቱ ካንሰሩን ያሳያል» የሚል ቅጽና «ፍካቱ ካንሰሩን ሊያሳይ ይችላል» የሚል ቅጽ ሁለት የተለያዩ ውሎች ናቸው። የመጀመሪያው ማንም ሐኪም ሊፈጽመው የማይችለውን ተስፋ ይሰጣል፤ ሁለተኛው እውነቱን ይናገራል። በ17ኛው አንቀጽ ክርክሩ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ላይ እንደ ነበር ሁሉ፥ እዚህም የበሽተኛው መብት ያረፈው በዚሁ ሥር ላይ ነው። በመሆኑም የሕክምና ቃላት መዝገብ የሚያዘጋጁ ሁሉ ስምን ከስም አቻ አድርገው ከማለፍ ይልቅ፥ ከእያንዳንዱ ስም ጋር የሚሄደውን ግሥ በምሳሌ ዐረፍተ ነገር ቢያስቀምጡ መልካም ነው። ቃሉ ከመሣሪያው ቀድሞ ቢደርስ ይሻላል፤ ዘግይቶ የሚደርስ ቃል በተፈረመ ሰነድ ላይ እርማት ይሆናልና።