ለጭንቀት ስም የሚሰጥ ጥበብ

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን ካቋረጠው የጥናት ጓድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1933 ጅቡቲ ሲደርስ፣ በቀደመው ዓመት ጎንደር ላይ በባለዛሯ በመልካም አያሁ ዘንድ ያየውን የዛር ሥርዓት በማስታወሻው ይዞ ነበር፤ ይህንኑ ሥርዓት የወደቡ ሶማሌም «ሳር» ብሎ ያውቀዋል።

ከበሮው ሲመታ፣ ዕጣኑ ሲጤስ፣ ነጠላ የተከናነበችው ሕመምተኛ ራሷን እያወዛወዘች ስታጓራ፣ ባለዛሯ መንፈሱን በስሙ ጠርታ «ምን ትሻለህ?» እያለች ትደራደረዋለች። ሐኪሙ ጄምስ ብሬይድ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው መጽሐፉ ስሙን ያስለመደው ሂፕኖሲስ በለዘበ ቃል ልቡናን ከሁከት ሰብስቦ ፍርሃትንና ክፉ ልማድን ለማስታገሥ እንደሚጥር፣ የዛር ሥርዓትም በዜማና በማኅበር ይጥራል።

ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱን ማውገዟን ባልዘነጋም፣ ስም የለሹን ጭንቀት ስም ሰጥቶ፣ ድውዩንም ብቻውን ሳይተው በወገን መካከል ማስታመም በእውነት የሚደነቅ ጥበብ ነው።