ሰው የሚቀመጥበት ወለል

ስለ ጣሊያኗ ሲየና ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ማማዋ ነው፤ ቀጥሎ የፈረስ ግልቢያዋ። እኔ ግን የማደንቃት በወለሏ ነው። ፒያሳ ዴል ካምፖ በሚባለው አደባባይዋ ወንበር ፍለጋ የሚዞር ብዙ ሰው አይታይም። ነዋሪውም እንግዳውም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ሲያሰኘውም ጋደም ይላል።

ምስጢሩ ተዳፋቱ ነው። ቦታው ሦስት ኮረብቶች የሚገናኙበት ስለሆነ ድሮም ያዘቀዘቀ ነበር። ሌላው ቢሆን ቆርጦና ሞልቶ ይደለድለው ነበር፤ የሲየና ግንበኞች ግን ቁልቁለቱን አርመው እንደ ማራገቢያ ዘረጉት፤ እጀታውን ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት አዋሉት። ከኋላ የተቀመጠውን የፊተኛው ሰው ራስ አይከልለውም። መስቀል አደባባይ እርከን ላይ ሆኖ ደመራ ያየ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ሲየና ላይ ግን እርከን የለም፤ ወለሉ ራሱ ቀስ እያለ ይወርዳል።

የወለሉን ጡብ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ቀዩ ሸክላ በሰፊ ጎኑ አልተኛም፤ በጠርዙ ቆሞ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ እየዘመመ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰካክቷል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ጡብ የጎረቤቱን መንሸራተት ይገታል። በቀጥታ ረድፍ ተደርድሮ ቢሆን ኖሮ ቁልቁለቱ፣ እግሩና ጎርፉ ተባብረው ረድፉን ይገፉት ነበር። ቀዩን ንጣፍ ስምንት ነጣ ያሉ የትራቬርቲን ድንጋይ መስመሮች ለዘጠኝ ይከፍሉታል፤ ዘጠኝ የሆነውም ከ1287 እስከ 1355 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ያስተዳደረውን የዘጠኙን ሸንጎ ለማሰብ ነው ይባላል። መስመሮቹ ለጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ሁሉም ቁልቁል ወርደው የዝናቡን ውሃ ከሚውጠው ዝቅተኛው ቦታ አጠገብ ይገናኛሉ። ንጣፉ ያለቀው በ1349 ነው፤ ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ከተማዋን ባራቆተ ማግስት።

ዙሪያውም ለዕድል አልተተወም። ማዘጋጃ ቤቱ ገና ሲጀመር፣ በ1297 በወጣ ደንብ፣ አደባባዩን ዞሮ ቤት የሚሠራ ሁሉ መስኮቱን በቀጫጭን አዕማድ እንዲከፍል፣ ሰገነትም እንዳያወጣ ታዘዘ። ያኔም ባለሀብት ነበር፤ ያኔም «የራሴ ቦታ ነው» ባይ አይጠፋም። ደንቡ ግን ጸና።

ከላይ በኩል ያኮፖ ዴላ ኩዌርቻ በ1419 የጨረሰው ምንጭ አለ። ዛሬ የሚታየው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂ ነው፤ ዋናው እንዳይጎዳ ወደ ሙዚየም ገብቷል። ቅር አይለኝም፤ እኔን የሚገርመኝ የውሃው መንገድ ነው። ውሃው ለዘመናት ከተማዋን ያጠጣው በመሬት ውስጥ በተፈለፈሉ ረጃጅም ቦዮች ነበር።

ጁላይና ኦገስት ላይ የአደባባዩ ጠርዝ አፈር ለብሶ ፈረሶች ሦስት ዙር ይጋልቡበታል፤ ሕዝቡ መሃሉ ጡብ ላይ ይቆማል። በሌላው ቀን የማማው ጥላ ወለሉ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ፀሐይ የበረታበትም ሰው ጥላውን እየተከተለ ይቀመጣል።

እንግዲህ በከተማችሁ አዲስ አደባባይ ሲመረቅ በመብራቱና በፏፏቴው ብቻ አትፍረዱ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ሂዱና ውሃው የት እንደተኛ እዩ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡና ማን እንደሚያስነሳችሁ ጠብቁ።