ሽቅብ የሚዋኘው ዘር፦ አንድ የኮርኔል ጥናት ከነቀምቴ ሲነበብ

በ2015 እ.ኤ.አ. ቺህ-ኩዋን ታንግ፣ ሱዛን ስዋሬዝ፣ ሚንግሚንግ ዉ እና ባልደረቦቻቸው ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሆነው በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ፣ የላም እርባታ ለሚመለከተው ባለሙያ ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ነው። ተመራማሪዎቹ የላምን የማኅፀን በር ሽንሽኖች የሚመስሉ ጥቃቅን ቦዮች በመሣሪያ ላይ ቀርጸው ፈሳሽ አስፈሰሱባቸው። ከዚያም የኮርማ ዘር ህዋሳትንና ትሪትሪኮሞናስ ፊተስ የተባለውን ጥገኛ ተህዋስ ለቀቁ። የዘር ህዋሳቱ ቦዮቹን ይዘው ወራጁን እየተቃወሙ ሽቅብ ሲዋኙ፣ ተህዋስያኑ ግን ተጠርገው ወረዱ።

የጥናቱ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ላም ኮርማ በምትፈልግበት ወቅት የሚወርዳት ዝልግልግ ፈሳሽ መሰናክል ብቻ ሳይሆን ወንፊትም መሆኑን በዓይን ያሳያል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ነጭ የደም ሴል የለውም፤ እንደ ማኅፀንም አይኮማተርም። ተህዋሱ በሕይወት ባለች ላም ማኅፀን ገብቶ ፅንስ የሚያጠፋ ስለሆነ፣ ወንፊቱ ፍጹም ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

በነቀምቴ ዙሪያ በወል ግጦሽ ላይ በኮርማ ለምትጠቃ የሆሮ ላም ጽሑፉ በሚገባ ይሠራል፤ ዘሩ የሚፈሰው ከማኅፀን በር በታች ነውና። በሰው ሠራሽ ዘዴ ለምትዳቀለዋ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች የቆየው ዘር፣ በተለምዶ 20 ሚሊዮን ያህል ህዋሳት ይዞ፣ በሩን አልፎ በቀጥታ ማኅፀን ውስጥ ይፈስሳል። ወንፊቱ ስለታለፈ በማዳቀያው መሣሪያ ላይ ያለ ቆሻሻም አብሮ ይገባል። የወተት ላሞች በብዛት በዚህ ዘዴ በሚዳቀሉበት አገር የተጻፈ ጥናት ይህን ነጥብ ማዕከላዊ አለማድረጉ ጉድለት ነው።

ሌላው የጎደለው ሰዓት ነው። የዘር ህዋሳት የእንቁላል ቱቦው የታችኛው ክፍል ደርሰው፣ ከግድግዳው ሴሎች ጋር ተጣብቀው እንቁላሏን እስኪጠብቁ ድረስ ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። እንቁላሏ የምትለቀቀው ላሟ ኮርማ መፈለግ ከጀመረች ከ25 እስከ 30 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ዘር ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ትሪምበርገር ያሳተመው ደንብ፣ ጠዋት የታየችው ማታ፣ ማታ የታየችው በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል የሚለው፣ ዛሬም ያገለግላል። ላሟን ከገጠር ቀበሌ እየነዳ ከተማ ለሚደርስ ገበሬ ግን ደንቡን መጠበቅ ቀላል አይደለም፤ የበዓል ቀን ከሆነማ ጭራሽ ያመልጠዋል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ በዘሩ ወይም በላሟ ላይ ይለጠፋል።

ደጋግማ የምትመለስ ላም ስትቀርብ፣ አዳቃዩ ስንት ሰዓት እንደደረሰ ብቻ ሳይሆን በግጦሹ ላይ የትኛው ኮርማ እንደነበረም መጠየቅ አለበት፤ ተህዋሱን የሚያዛምተው ኮርማ ራሱ ምንም የሕመም ምልክት አያሳይምና።