ከወደቀው መማር፤ የሔንሪ ፔትሮስኪ መጽሐፍና የሲቪል ኢንጂነሪንግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ

ሔንሪ ፔትሮስኪ በአሜሪካን አገር በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ኢንጂነሪንግ መምህር የነበረና በ2023 ዓ.ም. ያረፈ ሊቅ ነው። «ቱ ኢንጂነር ኢዝ ሂዩማን» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «መሐንዲስነት የሰው ነገር ነው» እንደ ማለት ይሆናል። እንግሊዞች «መሳሳት የሰው ነው» ከሚሉት አነጋገር የተቀዳ ስለ ሆነ፥ ስሕተት የሚለው ቃል ሳይጻፍ በስሙ ውስጥ ይሰማል።

መጽሐፉን እንድመረምር ያነሣሣኝ ምክንያት አለ። አባቴ ግንበኛ ናቸው። የመጨረሻውን ዓመት ትምህርቴን ስጀምር ለማስትሬት ዲግሪ ለመቀጠል እንደማስብ ብነግራቸው፥ «ልጄ፥ ቤት መሥራት አስተምረውህ ከሆነ ሁለት ዓመት ደግሞ የምትማረው ምንድን ነው? ካላስተማሩህም እስካሁን ምን ስትሠራ ቆየህ?» አሉኝ። ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ እሳቸውንም እኔንም አላረካም። ስለ ደመወዝና ስለ ማዕረግ ተናገርሁ እንጂ ስለ ዕውቀት አንዳች አልተናገርሁም። እንግዲህ መጽሐፉን የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው።

የመጽሐፉ ዋና አሳብ አጭር ነው። መሐንዲስ የሚያወጣው ንድፍ እንደ ሳይንስ መላምት ነው ይላል ደራሲው። መቶ ድልድዮች ቢቆሙ የተሠሩበት አሳብ ትክክል መሆኑን ፈጽመው አያረጋግጡም፤ አንድ ድልድይ ቢወድቅ ግን የአሳቡን ጉድለት ይገልጣል። ለዚህ የሚያመጣው ምሳሌ ትልልቅ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የልጁም መጫወቻ አለበት። ፊደል ሲጫኑት የሚናገረው ይህ መጫወቻ አስቀድሞ የተሰበረው «ኢ» በምትባለው ፊደል ላይ ነው፤ በእንግሊዝኛ ከሁሉ ይልቅ የምትደጋገም እሷ ናትና። ማንኛውም ዕቃ ሸክም ሲመላለስበት እንደሚደክም ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ ያስረዳኝ የመማሪያ መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

ከመጽሐፉ ምዕራፎች ሁሉ የበረታው ስለ ካንሳስ ሲቲው ሆቴል የተጻፈው ነው። ጁላይ 17 ቀን 1981 ዓ.ም. በዚያ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተንጠልጥለው የነበሩ ሁለት መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ የአራተኛውና የሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያዎች ከጣሪያው በሚወርድ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ላይ እንዲንጠለጠሉ ታስቦ ነበር። በኋላ ለሥራ እንዲመች ዘንጉ ለሁለት ተከፈለና የታችኛው መተላለፊያ ከላይኛው ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ። ደብረ ዳሞ የወጣ ሰው ነገሩን ቶሎ ያስተውለዋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጠፍር ሲወጡ እያንዳንዱ ጠፍሩን በገዛ እጁ ቢይዝ፥ እጁ የሚሸከመው የራሱን ክብደት ብቻ ነው። የታችኛው ጠፍሩን ትቶ የላይኛውን ሰው እግር ቢይዝ ግን፥ በጠፍሩ ላይ ያለው ሸክም ያው ሆኖ ሳለ የላይኛው ሰው እጅ የሁለት ሰው ክብደት ይሸከማል። በሆቴሉ ውስጥ ያ እጅ አንድ ዳዶና ዳዶው የያዘው አግዳሚ ብረት ነበረ። የአሜሪካን መንግሥት የደረጃዎች ቢሮ ሲመረምር የመጀመሪያው ንድፍ እንኳ የከተማው ሕግ የሚያዘውን ሸክም የሚችል ሆኖ አልተገኘም። ይህን የመሰለ ስሕተት አንድ ጊዜ ካመለከቱት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያየዋል፤ ነገር ግን በብዙ ዐዋቂዎች እጅ አልፎ ተሠራ። ደራሲው ለመውቀስ ሳይቸኩል ነገሩን ረጋ ብሎ ማስረዳቱ ምስጋና ይገባዋል።

ስለ ኮምፒዩተር የጻፈውም ምዕራፍ ዛሬ ይበልጥ የሚነበብ ሆኗል። የሐርትፎርድ ከተማ የስፖርት አዳራሽ ጣሪያ በ1978 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር፥ ተመልካቹ ከወጣ ጥቂት ሰዓት በኋላ ሌሊት ወደቀ። ጣሪያው በኮምፒዩተር የተሰላ ነበር፤ በሥራው ጊዜ ከተሰላው ይልቅ መጉበጡ ቢታይም ስሌቱ ታመነ። እኛም ዛሬ «ኢታብስ» እና «ሳፕ» በተባሉት ፕሮግራሞች ውስጥ ቁጥር አስገብተን ቀለም የተቀባ ሥዕል ሲወጣልን ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ፕሮግራሙ የሚያሰላው የነገርነውን ሕንፃ እንጂ የሚሠራውን ሕንፃ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ከደራሲው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን መጽሐፉ ሁለት ጉድለት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው፥ ዓይኑ የሚያርፈው በአብዛኛው ከመሬት በላይ በቆመው አካልና በድንገተኛ አደጋ ላይ ነው። በአገራችን ግን ብዙው ጉዳት ከታች፥ ያውም ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በዋልካ ላይ የተሠራ ነበር። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቀላል ቤት በላዩ ሲቀመጥ አንዱ ጥግ ይነሣል፥ ሌላው ይወርዳል። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አባቴ ተጠርተው ያንኑ ስንጥቅ ይደፍኑና ይለስኑ ነበር። ስንጥቁ በየትኛው ወር እንደሚሰፋ፥ የቱ ግድግዳ እንደሚበረታ እሳቸው ያውቁታል፤ የጠየቃቸው ግን የለም። ማንም ስላልሞተ አጣሪ ኮሚቴ አልተሰየመም። ፔትሮስኪ እንዲህ ያለውን ውድቀት እንደ ውድቀት አይቆጥረውም ባልልም፥ የሚያስቀድመው ግን ጩኸት ያለውን ነው።

ሁለተኛውና የሚብሰው ጉድለት ይህ ነው። ደራሲው ውድቀት በራሱ የሚያስተምር አስመስሎ ይናገራል። ውድቀት ግን አያስተምርም፤ የሚያስተምረው የተመረመረና የተጻፈ ውድቀት ነው። የራሱን የመጽሐፉን ምሳሌ እንመልከት። የታኮማው ተንጠልጣይ ድልድይ በ1940 ዓ.ም. በጁላይ ተከፍቶ በኖቬምበር 7 ቀን በነፋስ ተናውጦ ወደቀ። ድልድዩን ትምህርት ያደረገው መውደቁ ብቻ አልነበረም። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፋርከርሰን አስቀድመው የድልድዩን አምሳያ ሠርተው ይመረምሩ ነበር፤ ከወደቀም በኋላ እነ ፎን ካርማን ያሉበት ኮሚቴ ምክንያቱን ጽፎ አቀረበ፤ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው አዲሱ ድልድይ አምሳያው በነፋስ ዋሻ ተፈትኖ ነው። በካንሳስ ሲቲም ዋና ኃላፊው መሐንዲስ የሥራ ፈቃዱ ከተነጠቀ በኋላ ስለዚያ ጥፋት በመሐንዲሶች ጉባኤ ራሱ ቆሞ ተናገረ። ፔትሮስኪ እንዲህ ያለ መዝገብ በሞላበት አገር ተቀምጦ ስለ ጻፈ፥ መዝገቡ ምን ያህል ድካምና ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ ማሳየቱን ዘነጋው።

ወደ እኛ ስንመለስ ይህ ጉድለት ይጎላል። 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የግልገል ጊቤ ሁለተኛው የውሃ ዋሻ በ2010 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ክፍሉ ተደረመሰ። በኋላ ተጠግኖ ሥራውን ቀጥሏል። እኔና ጓደኞቼ ይህን የምናውቀው ከጋዜጣ ነው፤ በክፍል ውስጥ ግን ስለ ታኮማ ፊልም አይተናል። ስለ ሩቁ ድልድይ መማራችን መልካም ነው፤ ያገራችንን ድንጋይና አፈር ጠባይ ግን ታኮማ አይነግረንም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ተቋራጩ ስሙን ይፈራል፥ መሥሪያ ቤቱ ክስ ይፈራል፤ ስንጥቁም ተለስኖ ይቀራል።

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ዲግሪ ቀመሩን ተቀብለን እንሠራበታለን። ስትራክቸርም ይሁን ጂኦቴክኒክ፥ የውሃም ይሁን የመንገድ ሥራ፥ ለማስትሬት የሚቀጥል ተማሪ ግን ቀመሩ የት ላይ እንደሚያቆም መጠየቅ አለበት። ለመጠየቅም ጊዜ፥ መሣሪያና መምህር አለው፤ ደግሞም ተቋራጭ ወይም ባለ ንብረት አይደለምና እውነቱን ቢጽፍ የሚያጣው ትንሽ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ለመምህሮቻችን አቀርባለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሚፈቀዱት ርእሶች መካከል በየዓመቱ ጥቂቶቹ ጉዳት የደረሰበትን አንድ ሥራ መርምሮ ማስረዳት ይሁኑ፤ የባለቤቱ ስም ሳይነሣ የአፈሩ፥ የብረቱና የስሌቱ ነገር በትክክል ይጻፍ። ሁለተኛም እነዚህ ጽሑፎች ማንም ተማሪ ሊያነባቸው በሚችልበት በቤተ መጻሕፍታችን አንድ መደርደሪያ ይኑራቸው።

የሔንሪ ፔትሮስኪን መጽሐፍ ለድኅረ ምረቃ የሚያመለክት ተማሪ ሁሉ ማመልከቻውን ከመጻፉ በፊት እንዲያነበው እመክራለሁ፤ ጉድለቱን እያወቀ ያንብበው እንጂ። ለአባቴም አሁን የምሰጠው መልስ አለኝ። ቤት መሥራት አስተምረውኛል፤ እርስዎ በየመስከረሙ የሚደፍኑት ስንጥቅ ለምን እንደሚመለስ ግን ገና አልተማርሁም። ሁለቱ ዓመት ለዚያ ነው፤ መጀመሪያ የምጠይቀውም እርስዎን ነው።